በ1954 በተሠራ ቤት ቤዝመንት ያሉ አጠራጣሪ ቁሳቁሶች፦ አስቤስቶስ መሆናቸውን እንዴት እናውቃለን?

የዊተን ነዋሪ

ሰላም ለመላው አባላት። ባለቤቴና እኔ በሜሪላንድ፣ ዊተን ውስጥ በ1954 የተሠራ የጡብ ቤት በቅርቡ ገዝተናል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ቤዝመንቱን አድሰን ከአገር ቤት ለምትመጣው እናቴ አንድ ክፍል፣ ለኪራይ ደግሞ ሌላ ክፍል ለማዘጋጀት አስበናል። አሮጌውን ምንጣፍ ከአንድ ጥግ ገለጥ ስናደርገው ከሥሩ ጥቁር ቡናማ መልክ ያላቸው፣ ነጫጭ መስመሮች የተዘበራረቁባቸው፣ በየጎናቸው 9 ኢንች የሚለኩ ካሬ ታይሎች አገኘን። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፤ አንዱ ደግሞ ከቦታው ለቅቆ ከሥሩ ጥቁር ማስቲሽ ይታያል።

ከቦይለሩ የሚወጡት የሙቅ ውሃ ቧንቧዎች በነጭ ሸራ የተጠቀለሉ ሲሆኑ፣ ሸራው በተቀደደበት በኩል ውስጡ ካርቶን የሚመስል ሽንሽን ያለው ግራጫ ነገር ነው። አቲኩ ላይ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍት ቦታ፣ ደግሞ በእንጨቶቹ መካከል የሚያብለጨልጭ ጠጠር መሰል ነገር ተነስንሷል። ከግዢው በፊት ቤቱን ያየው ኢንስፔክተር ስለ እነዚህ ነገሮች በሪፖርቱ ምንም አልጻፈም። ሥራውን የሚሠራልን ሰው ቅዳሜ መጥቶ ታይሉን በመፋቂያ አንሥቶ፣ ማስቲሹን በማሽን ፍቆ እንደሚጨርስ ነግሮናል። ከመጀመሩ በፊት ማወቅ የምፈልገው፣ ከእነዚህ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው የሚችሉት የትኞቹ እንደሆኑና በዓይን መለየት ይቻል እንደሆነ ነው።

የሕንጻ መርማሪ

ሰላም የዊተን ነዋሪ። ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን ሥራ ያስቁሙ። አሮጌ ቤቶችን የመመርመር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከል ሳይመረመር ሊነካ የሚገባው አንድም የለም።

በዓይን ስለ መለየት ለጠየቁት፣ አይቻልም። አስቤስቶስ ወደ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የሚሰነጣጠቁ፣ ከመሬት የሚወጡ ማዕድናት የጋራ ስም ነው። በቤት ግንባታ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሪሶታይል የሚባለው ነጩ ዓይነት ሲሆን፣ ቡናማው አሞሳይትና ሰማያዊው ክሮሲዶላይትም አሉ። እነዚህ ማዕድናት ከሲሚንቶ፣ ከአስፋልት ወይም ከቪኒል ጋር ከተደባለቁ በኋላ ግን የራሳቸው ቀለም አይታይም፤ ወደ ሳንባ ገብተው ጉዳት የሚያደርሱት ክሮችም ያለ ማይክሮስኮፕ የሚታዩ አይደሉም። ዓይን ሊረዳን የሚችለው ለመጠርጠር ነው፤ ለመጠርጠርም የቁሳቁሱ መልክ ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜውን፣ ያለበትን ቦታና የዋለበትን አገልግሎት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። አምራቾች አስቤስቶስን ይጨምሩ የነበሩት እሳት ስለማይበላው፣ ሙቀት ስለሚይዝና ቶሎ የሚሰበረውን ነገር ስለሚያጠነክር ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቤት ውስጥ ስገባ አስቀድሜ የምፈልገው ሙቀት የሚያልፍበትን መስመር፣ ቀጥሎም ወለሉን፣ ከዚያም ከሲሚንቶ የተሠሩ ስስ ሰሌዳዎችን ነው።

የወለሉን ጉዳይ እናንሣ። በየጎኑ 9 ኢንች የሆነ፣ ከ1980 በፊት የተነጠፈ የአስፋልት ወይም የቪኒል ታይል አብዛኛውን ጊዜ አስቤስቶስ ያለበት ሆኖ ይገኛል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ማስቲሽም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ይህ ማለት ግን 12 ኢንች የሆነው ታይል ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያ መጠን ከተሠሩትም አስቤስቶስ ያለባቸው አሉ። ታይሉና ማስቲሹ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በየራሳቸው መመርመር አለባቸው፤ ታይሉ ንጹሕ ሆኖ ማስቲሹ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለጊዜው መልካሙ ነገር፣ ክሩ በታይሉ ውስጥ ጠንክሮ የተያዘ በመሆኑ ታይሉ ሳይሰበር በቦታው እስካለ ድረስ ወደ አየር የሚለቀው ነገር ከቁጥር የሚገባ አለመሆኑ ነው። ነገሩን የሚለውጠው መፋቅ፣ መፈግፈግና በማሽን መሞረድ ነው፤ ሠራተኛው ቅዳሜ ሊያደርገው ያሰበውም ይኸው ነው። በነገራችን ላይ፣ በጥቅል የሚመጣው የቪኒል ወለል፣ ማለትም ኩሽና ውስጥ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚለጠፈው፣ ከታይሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከጀርባው ያለው ግራጫ ወረቀት መሰል ሽፋን በአስቤስቶስ የተሞላ ሊሆን ስለሚችልና ሲቦጨቅ እንደ ወረቀት ስለሚቀደድ ነው። ኩሽናዎ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ወለል ካለ እርሱንም ሳይነኩ ያቆዩት።

ቧንቧው ከሁሉ ይብሳል። ሽንሽን ያለው ካርቶን መሰል ሽፋን በዚያ ዘመን ለሙቅ ውሃና ለእንፋሎት ቧንቧ የተለመደ የአስቤስቶስ ምርት ነበር። ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ፣ በክርኑ ላይ፣ እንደ ጭቃ ተለስኖ የደረቀ ነጭ ነገር ካለ እርሱም አብሮ የሚጠረጠር ነው። በሙያችን ደርቆ ሳለ በእጅ ጭብጥ ተፈርክሶ ዱቄት የሚሆነውን ነገር ከጠንካራው ለይተን እናየዋለን፤ የቧንቧው ሽፋን ከሚፈረከሰው ወገን ነው። ሸራው በተቀደደበት በኩል ልጆች እንዳይጫወቱ፣ ልብስ እንዳይሰጣ፣ ዕቃም እንዳይጎተት አደራ እላለሁ። ወለሉ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ካለ በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ በቤት ቫኪዩምም አይሳቡት፤ ተራው ቫኪዩም ክሩን በአንድ በኩል ስቦ በሌላ በኩል ወደ አየር ይመልሰዋል።

አቲኩ ላይ ያለው በገለጻዎ መሠረት ቨርሚኩላይት ይመስለኛል። ወርቃማ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው፣ የሚያብለጨልጭና በንብርብር የተሠራ ቀላል ጠጠር ከሆነ እርሱ ነው። ቨርሚኩላይት ራሱ አስቤስቶስ አይደለም። ነገር ግን ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጣው በሞንታና ግዛት ሊቢ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ካለ ማዕድን ማውጫ ሲሆን፣ ያ ማዕድን በተፈጥሮው ከአስቤስቶስ ጋር የተደባለቀ ነበር። ዞኖላይት በሚል ስም በከረጢት ይሸጥ ስለነበረ ባዶ ከረጢቱ አሁንም በአንዳንድ አቲኮች ውስጥ ይገኛል። በዚች ከተማ በሠራተኞችም በነዋሪዎችም ላይ የደረሰው ሞትና ሕመም እጅግ ከባድ ስለነበር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ ኢፒኤ፣ በ2009 የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። የድርጅቱ ምክር ቨርሚኩላይት ያለበት አቲክ እንደተበከለ ተቆጥሮ ሳይነካ እንዲተው ነው። ተራው የላቦራቶሪ ምርመራ በቨርሚኩላይት ላይ የተሳሳተ «ነፃ ነው» የሚል ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል፣ በዚህ በአንዱ ቦታ ከምርመራው ይልቅ ጥንቃቄውን አስቀድማለሁ። አቲኩን የዕቃ ማስቀመጫ አያድርጉት።

ከዚህ ሌላ በዚያ ዕድሜ ቤት ውስጥ የማያቸውን በአጭሩ ልጥቀስ፦ በፈርነስ (ቤቱን በሙቅ አየር በሚያሞቀው ማሽን) የአየር ቱቦዎች መገጣጠሚያ ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት መሰል ቴፕ፣ ከቦይለሩና ከእንጨት ምድጃው ጀርባ የቆመ ግራጫ ሰሌዳ፣ የውጪው ግድግዳ ላይ የታችኛው ጠርዙ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ የፈንዲሻ መልክ ያለው ኮርኒስ፣ እንዲሁም የጂፕሰም ሰሌዳዎች የተያያዙበት ልስን። ሮዝ ወይም ቢጫ ጥጥ መሰል ነገር ካዩ እርሱ ፋይበርግላስ ነው፤ በዚህ ረገድ አያሳስብም።

ከሃያትስቪል

በአሜሪካ አስቤስቶስ በ1978 ሙሉ በሙሉ የታገደ አይደለምን? የእኛ ቤት በ1981 የተሠራ ስለሆነ ይህ ጉዳይ አይመለከተንም ብለን ኮርኒሱን ለማስፋቅ ተዘጋጅተናል። ኮርኒሱ ያው ፖፕኮርን የሚባለው ነው።

የሕንጻ መርማሪ

ይህ እምነት በጣም የተስፋፋ ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ ይገባዋል። በ1978 በጥቅሉ የታገደው በመኖሪያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ቀለም መጠቀም ነው። አስቤስቶስን በተመለከተ ግን እገዳው በየምርቱ እየተቆራረጠ ነው የመጣው። በእሳት መከላከያነት የሚረጨው በ1973፣ የተወሰኑ የቧንቧና የቦይለር ሽፋኖች በ1975፣ የግድግዳ መጠገኛ ልስን በ1977፣ ለጌጥ የሚረጨው የኮርኒስ ሽፋን ደግሞ በ1978 ታገዱ። በ1989 ኢፒኤ ሰፊ እገዳ አውጥቶ ነበር፤ በ1991 ግን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው። ክሪሶታይልን የሚያግደው ደንብ የወጣው በመጋቢት 2024 ነው።

የእርስዎን ቤት በተመለከተ፣ በመጋዘን የቀረ ዕቃ ከእገዳው በኋላም ጥቅም ላይ ይውል ስለነበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተረጨ ኮርኒስ ላይ አስቤስቶስ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ኮርኒስ ሲፋቅ ከራስ በላይ ስለሚራገፍ፣ ሳይመረመር መነካት ከሌለባቸው ነገሮች አንዱ ነው። እባክዎ ቀድመው ያስመርምሩት።

ግንበኛው

እኔ የምጽፈው ከሠራተኛው ወገን ነው። በዚህ አካባቢ የአሮጌ ቤቶችን ቤዝመንት የሚያፈርሱት በአብዛኛው እንደ እኔ ያሉ አዲስ መጤዎች ናቸው። ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ አሠሪ፣ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፣ መስኮት በሌለው ቤዝመንት ውስጥ ጥቁር ማስቲሽ በደረቁ በማሽን ያስፈገፍገን ነበር፤ የሚሰጠን መከላከያ የወረቀት ማስክ ብቻ ነው። ስለ ምንነቱ ማንም የነገረን የለም። ጥያቄዬ፣ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ምን መብት አለው የሚል ነው። «አልሠራም» ካልኩ ሌላ ሰው እንደሚያመጡ አውቃለሁ።

የሕንጻ መርማሪ

ወንድሜ፣ ይህን በመጻፍህ አመሰግናለሁ፤ ስለ ባለቤቶች ብቻ እየተነጋገርን ሠራተኛውን ብንረሳ ትልቅ በደል ይሆን ነበር። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከ1980 ወዲህ ባልተሠራ ሕንጻ ውስጥ ያለን የቧንቧና የቦይለር ሽፋን፣ እንዲሁም የተረጨ ወይም የተለሰነ ሽፋን፣ ምርመራ ነፃ መሆኑን እስካላረጋገጠ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥሮ ይነሣል። እስከ 1980 የተነጠፈ የአስፋልትና የቪኒል ወለልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አሠሪው «አላውቅም ነበር» ማለቱ አያድነውም፤ ሥልጠና፣ ትክክለኛ መከላከያና እርጥብ አሠራር (አቧራ እንዳይነሣ ቁሳቁሱን አርጥቦ መሥራት) የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የወረቀት ማስክ ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም። ፊት ላይ በልክ የሚገጥም፣ ፒ-100 የሚባለው ማጣሪያ የተገጠመለት የጎማ ጭንብል ያስፈልጋል፤ ጢም ካለ እርሱም በደንብ አይገጥምም። ደንቡ የመኖሪያ ፈቃድን አይጠይቅም፤ አቤቱታ ለማቅረብ ስምን በምስጢር ማስያዝ ይቻላል፤ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በየቋንቋው አስተርጓሚ ያቀርባል።

ነርስ ከሚኒያፖሊስ

ግንበኛው ወንድማችን የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልቻልኩም። የሥራ ልብስህን ለብሰህ ወደ ቤት አትግባ፤ ከቤተሰቡ ልብስ ጋርም አይታጠብ። በአስቤስቶስ ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ፣ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ ሜሶቴሊዮማ በተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር የታመሙ ሴቶች በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቁ ናቸው። ልጅ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ሮጦ አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠም ሁላችንም እናውቃለን።

በተረፈ ሰው እንዳይደናገጥም እፈልጋለሁ። አንድ ታይል ሰብሬያለሁ ወይም አንድ ቀን አቧራ ውስጥ ነበርኩ ብሎ ነገ እታመማለሁ ማለት አይደለም፤ አደጋው የሚጨምረው በተነፈሱት መጠንና በቆዩበት ጊዜ ልክ ነው። ሕመሙ ከመጣም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 50 ዓመት ከሚደርስ ጊዜ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከተጋለጡ በማግሥቱ የሚነሣ ራጅ ምንም አያሳይም። የሚጠቅመው ለሐኪም ነግሮ በሕክምና መዝገብ ላይ ማስጻፍ ነው። የሚያጨስ ሰው ካለ ደግሞ፣ ማጨስና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲሆኑ የሳንባ ካንሰር አደጋው ከሁለቱ ድምር በላይ እንደሚያድግ ይወቅ፤ ሲጋራውን ማቆም በእጁ ያለ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ስለ ሊቢ ከተነሣ አይቀር፣ በዚህች ከተማ ያለን ኢትዮጵያውያን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ የሊቢን ቨርሚኩላይት የሚያቀነባብር ፋብሪካ እስከ 1989 ድረስ ነበር፤ ተረፈ ምርቱንም ነዋሪው በነፃ እየወሰደ ለግቢ መሙያና ለመኪና መንገድ ይጠቀምበት ነበር። በኋላ ኢፒኤ ብዙ ግቢዎችን ቆፍሮ አጽድቷል። በዚያ ሰፈር ቤት የምትገዙ ስለ ግቢው አፈርም ጠይቁ።

የዊተን ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቅዳሜውን ሥራ አስቁመናል፤ የቦይለሩንም ክፍል ዘግተነዋል። ሠራተኛው በመጀመሪያ ሥራው ስለተቋረጠበት ቅር ቢለውም፣ ከላይ የተጻፈውን ሳነብለት እርሱ ራሱ ብዙ ነገር ጠየቀኝ። አሁን የሚቀረኝ ጥያቄ ስለ ናሙናው ነው። እኔው ራሴ ቆርጬ ወደ ላቦራቶሪ መላክ እችላለሁ?

የሕንጻ መርማሪ

ከቧንቧው ናሙና እርስዎ እንዲወስዱ ፈጽሞ አልመክርም፤ ኢፒኤም ናሙና በሠለጠነ ባለሙያ እንዲወሰድ ነው የሚመክረው። ባለሙያ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግን ሥራውን በትክክል መሥራቱን ለመከታተል ይረዳዎታል። በመጀመሪያ ፈርነሱንና ማራገቢያውን ያጠፋል፤ ከሥር ፕላስቲክ ያነጥፋል፤ ቦታውን ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ውሃ በጥሩ ሁኔታ ያርሳል። ከዚያም ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ያለውን ንብርብር ሁሉ የያዘ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በሁለት ተደራራቢ ከረጢት ያሽጋል፤ የቆረጠበትንም ቦታ ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ይሰጣል፤ ከየትኛው ክፍልና ከየትኛው ጥግ እንደተወሰደ ይጽፋል። ከአንድ ዓይነት ቁሳቁስ አንድ ናሙና ብቻ ወስዶ «ነፃ ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ይጠይቁት፤ በተለይ በእጅ የሚለሰንና የሚረጭ ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያልና።

ላቦራቶሪው ለአስቤስቶስ ምርመራ በፌዴራል መንግሥት የዕውቅና ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት። የተለመደው ዘዴ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ማየት ሲሆን፣ ዋጋው ለአንድ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዶላር አይበልጥም። ከ1 በመቶ በላይ አስቤስቶስ ያለበት ነገር በሕጉ አስቤስቶስ የያዘ ቁሳቁስ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ በወለል ታይል ውስጥ ያሉት ክሮች እጅግ ደቃቅ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተራው ማይክሮስኮፕ ሊስታቸው ይችላል። ስለዚህ የ9 ኢንች ታይል ውጤት «አልተገኘም» ተብሎ ቢመጣ፣ ወለሉን ከማስነሣትዎ በፊት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ። ጥቂት ወጪ ይጨምራል፤ ነገር ግን እናትዎ የሚኖሩበት ክፍል ነው።

የመጨረሻው ምክሬ፣ ናሙናውን የሚወስደውና ካስፈለገ የሚያስወግደው ድርጅት አንድ እንዳይሆን ነው። የሚያስወግደው ሰው ማስወገድ ያስፈልጋል ማለቱ ጥቅሙ ነውና።

ከምሥራቅ ለንደን

እዚህ ብሪታንያ ሰማያዊውና ቡናማው በ1985፣ ነጩ በ1999 ነው የታገዱት፤ ስለዚህ ከ2000 በፊት የተሠራ ወይም የታደሰ ቤት ሁሉ ሊጠረጠር ይችላል። የእኛ ቤቶች ላይ የሚታየው ከእናንተ ይለያል፦ የጋራዥ ክዳን የሆነ ሞገዳማ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ አርቴክስ የሚባለው ኮርኒስ ላይ በቅርጽ የተቀባ ሽፋን፣ ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ በቦይለር ቁም ሣጥንና በበሮች ላይ የተገጠመው የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ መልኩ ከተራ የጂፕሰም ሰሌዳ ጋር ስለሚመሳሰል ሰዎች መደርደሪያ ለመስቀል ሲበሱት ይታያሉ። በካውንስል ቤት የምትኖሩ፣ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ካውንስሉ ስለ ቤቱ ያለውን የአስቤስቶስ መዝገብ ጠይቁ።

ከሰሜን እስራኤል

በእስራኤል ደግሞ ዋናው ነገር የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ክዳን ነው። በናሃሪያ የነበረው ፋብሪካ ከ1952 እስከ 1997 ሠርቷል፤ ተረፈ ምርቱም በምዕራብ ገሊላ ለመንገድና ለግቢ መሙያ ተሰጥቶ ነበር። በ2011 የወጣው ሕግ አዲስ መጠቀምን ከልክሎ፣ ያለውን ስለ መንከባከብና ስለ ማስወገድ ደንግጓል። በአሮጌ ሰፈሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ያንን ግራጫ ክዳን ለፀሐይ ማሞቂያ ወይም ለአንቴና ብለው ሲበሱት፣ ሲሰበርም በጎረቤት ግቢ ሲጥሉት አያለሁ። ክዳኑ ደኅና ከሆነ ተዉት፤ ከተሰባበረ ግን ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ብቻ ነው ሊያነሣው የሚገባ።

ልምድ ያለው አከራይ

ከሌሎቹ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ለምን ትመረምራላችሁ? ሳይመረመር በላዩ ላይ አዲስ ወለል ማልበስ ይቻላል። አንድ ጊዜ ውጤቱ በወረቀት ከመጣ ግን ቤቱን ስትሸጡ ማሳወቅ ግዴታ ይሆናል፤ የቤቱም ዋጋ ይወርዳል። አለማወቅ ይሻላል።

የቤት ሽያጭ ወኪል

በአክብሮት፣ በዚህ አልስማማም፤ ጉዳዩ የሥራዬም የሕሊናዬም ስለሆነ በግልጽ እመልሳለሁ።

በሜሪላንድ ሻጭ የሚሞላው የመግለጫ ቅጽ ስለ አደገኛ ቁሳቁሶች ሲጠይቅ አስቤስቶስን በስሙ ጠቅሶ ነው። ሻጩ ቅጹን ከመሙላት ይልቅ ቤቱን እንዳለ እሸጣለሁ የሚለውን መምረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚያውቀውን፣ ከዓይን የተሰወረና ጤናን ወይም ደኅንነትን በቀጥታ የሚያሰጋ ጉድለት እንዲገልጽ ይገደዳል። በፌዴራል ደረጃ ለእርሳስ ቀለም እንዳለው ያለ የማሳወቅ ግዴታ ለአስቤስቶስ የለም። ስለዚህ ሕጉ ቀዳዳ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን አለማወቅ የሚጠቅመው ማንን ነው? አዲሱ ወለል ከተነጠፈ በኋላ ቱቦ የሚፈነዳበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ሳያውቅ መዶሻውን ያነሣል፤ አቧራውን የሚተነፍሱት እርሱና ቤዝመንት ውስጥ የተኛው ተከራይ ናቸው። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ያ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ የመጣ፣ የት አቤት እንደሚባል የማያውቅ የአገራችን ልጅ ነው።

ስለ ዋጋም ቢሆን፣ «ታይሉ አስቤስቶስ አለበት፣ በደኅና ሁኔታ ተሸፍኗል፣ ሪፖርቱ ይኸው» የሚል ሻጭ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ገዢው በራሱ ምርመራ ካገኘው በኋላ የሚፈርስ ሽያጭም አይቻለሁ። የኋለኛው የበለጠ ያስከፍላል። ሌላው ለገዢዎች ማሳሰብ የምፈልገው፣ ተራው የቤት ፍተሻ የአስቤስቶስ ምርመራን እንደማያካትት ነው፤ የዊተን ነዋሪ ሪፖርት ላይ ያልተጻፈውም ለዚህ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ቤት ስትገዙ በውሉ የፍተሻ ጊዜ ውስጥ ለብቻው ማስመርመር ትችላላችሁ።

ልምድ ያለው አከራይ

ስለ ተከራዩና ስለ ቧንቧ ሠራተኛው የተባለውን ተቀብያለሁ። የእኔንም ቤዝመንት አስመረምራለሁ።

የዊተን ነዋሪ

ውጤቱ ስለደረሰ ለተከታተላችሁ ሁሉ ላሳውቅ። ታይሉም ማስቲሹም ክሪሶታይል አለባቸው። የቧንቧው ሽፋን ግማሽ ያህሉ አስቤስቶስ ነው፤ በክርኖቹ ላይ ያለው ልስን ደግሞ ክሪሶታይልና አሞሳይት ሁለቱም ተገኝተውበታል። አቲኩ ቨርሚኩላይት መሆኑን ባለሙያው በማየት አረጋግጦልናል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ቧንቧው በግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ባለው ድርጅት ይወገዳል። ወለሉን አናነሣውም፤ የለቀቀውን ታይል ባለሙያው ካስተካከለ በኋላ ምንም ሳንሞርድ ያለ ማስቲሽ በላዩ ላይ የሚቀመጥ ወለል እናለብሰዋለን። አቲኩን ለጊዜው አንነካውም፤ የመግቢያውን በር ዙሪያና በኮርኒሱ ላይ ያሉትን የመብራት ቀዳዳዎች አሽገን ወደ መኝታ ክፍሎቹ እንዳይረግፍ እናደርጋለን። ቧንቧው በሚወገድበት ጊዜ ምን መከታተል እንዳለብን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሕንጻ መርማሪ

ዕቅዱ ትክክል ነው። ውሉ ላይ ከመፈረምዎ በፊት የሚከተሉት ተጽፈው መገኘታቸውን ያረጋግጡ፦ የሥራው ቦታ በወፍራም ፕላስቲክ ከቀሪው ቤት እንደሚለይ፤ አየሩ በሄፓ ማጣሪያ (እጅግ ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ) እየተሳበ ወደ ውጭ እንደሚወጣና በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ዝቅ እንደሚል፤ ሽፋኑ ረጥቦ እንደሚነሣ፤ ቆሻሻው በታሸገና ምልክት በተለጠፈበት ከረጢት ወደ ተፈቀደለት ማስወገጃ እንደሚሄድና የተረከበበት ሰነድ ለእርስዎ እንደሚሰጥ። ፕላስቲኩ ከመነሣቱ በፊት የአየር ናሙና ይወሰድ፤ የሚወስደውም ከአስወጋጁ ድርጅት ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ ይሁን። የአየር ናሙናውን ውጤት በጽሑፍ ሳያዩ የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ። ቦይለሩ አሮጌ ከሆነ በበሩ ዙሪያ ያለውን ገመድና ከበላዩ የተለሰነውን ሽፋንም በዚያው ሥራ ውስጥ እንዲያካትቱት ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቧንቧው ተወግዶ እርሱ ይረሳል።

ወለሉን ከማልበስዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ያስቀምጡት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ሣጥኑ አጠገብ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ «ከዚህ ወለል ሥር ያለው ታይል አስቤስቶስ አለበት፤ አይብሱት፣ አይፋቁት» ብለው ይለጥፉ። ለተከራይዎም ቁልፉን ሲያስረክቡ በአማርኛ ይንገሩት።

ግንበኛው

ያ የቅዳሜው ሠራተኛ ፈቃደኛ ከሆነ አድራሻውን በግል መልእክት ላኩልኝ። ፈቃድ ያለው የሥልጠና ማዕከል እያፈላለግኩ ነው፤ አብረን ብንመዘገብ ደስ ይለኛል።